ከመጣን 3 ወራችን ነው፤ ሰው የሚለመደው መቼ ነው?

ከላይ ያለውን ጥያቄ እዚህ ገጽ ላይ የጻፍኩት እሁድ ማታ ነው። ከፍቶኝ ነበር። በዲቪ ከመጣን 3 ወር ሆኖናል። ባለቤቴ፣ የ5 ዓመት ልጃችንና እኔ ከደሴ ተነስተን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው ያረፍነው። ሁለት መኝታ ቤት አላት። አንዱን ለቀቀችልን።

የዚያን ዕለት ጠዋት ቡና ላፈላ ተነሳሁ። ሦስት ወር ሙሉ የማሽን ቡና ነው የጠጣነው። ከቤት ያመጣሁት ጥሬ ቡና ሻንጣ ውስጥ እንደታሰረ ነበር። አጠብኩት፤ መጥበሻ ላይ አደረግኩት። ተንጣጣ፣ ወዛ፣ መጥቆር ጀመረ። ባለቤቴን ላስሸትተው ብዬ መጥበሻውን ይዤ ወደ ሳሎን ስዞር ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ልጄ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። በሩን ከፈትኩ። ከኮሪደሩ ማዶ ያለችው ሴትዮ በሯን ገርበብ አድርጋ አየችን፤ መልሳ ዘጋችው። የአክስቴ ልጅ ከመኝታ ቤቷ ወጣች። ፎጣ አንስታ ማስጠንቀቂያው ሥር አራገበች። ጩኸቱ ሲቆም መስኮቱን ከፈተች። አንድ ቃል ሳትናገር ተመልሳ ገባች።

ቡናውን አፈላሁት። ከአቦል እስከ በረካ እኔና ባለቤቴ ብቻ ጠጣነው። ማንም አልመጣም።

ደሴ እያለን ቡና ሲቆላ ሰው መጥራት አያስፈልግም። ሽታው ይጠራል። ጎረቤት ሰፌዷን ይዛ እየለቀመች ትገባለች። ስለዚህ ማታ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ እዚህ ያለ ሐበሻ ለአዲስ መጪ ፊት የለውም፣ ሥጋ ዘመድ እንኳን ቢሆን። ጥያቄዬ ደግሞ ከላይ ያለው ነው።

እስከ ዛሬ 34 መልስ ደርሷል። መሀል ላይ ስለ ጤፍ፣ ስለ ስም፣ ስለ ሰዓት ሆኗል። ከእኔ ኋላ ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል ብዬ በየተራው እነግራችኋለሁ።

1ኛው መልስ 10 ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። እንኳን ደህና መጣችሁ ብሎ የጀመረ ትሁት ሰው ነው። ስለ ሰው ጉዳይ ምንም አላለም። ስለ ጭሱ ግን ሁሉንም ነገረኝ። ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ አስቀድሞ ይከፈት፣ መስኮት ይከፈት፣ ቡናው ጥቂት በጥቂት ይቆላ። ዕጣንም እንደዚያው፣ መስኮት አጠገብ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ። አንድ ነገር ጠበቅ አድርጎ ጽፏል። ብዙ ሰው የማስጠንቀቂያውን ባትሪ ያወጣል፣ ወይም በላስቲክ ይሸፍነዋል። ይህ ከቤት ኪራይ ውሉ ጋር ያጣላል። ከዚያ በላይ ደግሞ እሳት በተነሳ ሌሊት ማንም ሳይነቃ ይቀራል።

2ኛው የልቤን ተናገረልኝ። እሱም አጎቱ ቤት ነበር ያረፈው። በሁለተኛው ወር ማቀዝቀዣው ውስጥ የአጎቱ ስም የተጻፈባቸው ዕቃዎች ማየት ጀመረ። ወተቱ ላይ ስም፣ እንቁላሉ ላይ ስም። በሦስተኛው ወር ክፍል ተጋርቶ ወጣ። ዛሬ አጎቱን የሚያገኘው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ይህን ሳነብ ልክ ነኝ አልኩ።

3ኛው አልራራልኝም። በዲቪ የመጡ ዘመዶችን አራት ጊዜ ተቀብሏል። ደላስ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ መቀበል፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ መውሰድ፣ ለልጅ ክትባት ሐኪም ቤት መሄድ፣ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ። ይህ ሁሉ በሥራ ቀን ነው የሚሆነው። በሰዓት ለሚከፈለው ሰው የቀረበት ቀን ሁሉ ከደሞዙ ይቆረጣል። የኪራይ ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ለወራት ማኖርም ከማናጀሩ ጋር እንደሚያነታርክ አስረዳ። አዲስ መጪ ይህን አያየውም፤ የሚያየው የተዘጋ በር ነው አለ። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አስከተለ። የአክስትሽ ልጅ የዚያን ዕለት ከሥራ ስንት ሰዓት ገባች፣ ጠይቀሻታል ወይ?

አልመለስኩለትም። ተናደድኩበት።

4ኛዋ እኔን ወግና ተነሳችበት። ዘመድ የተቀበለ ሰው ደረሰኝ አያወጣም ነው ያለችው። እሷ ስትመጣ የተቀበሏት እናት በቀን 12 ሰዓት እየሠሩም ማታ ገብተው አብረዋት ይቀመጡ ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎችም አሉ፣ የሥራ ብዛት ሰበብ ነው ብላ ደመደመች።

5ኛው ነገሩን ወደ ቡናው መለሰው። ከሰል ገዝቼ እንደ ሀገር ቤት በምድጃ፣ ወይ ሳሎን ውስጥ ወይ በረንዳ ላይ እንዳፈላ መከረኝ። ከሐበሻ ሱቅ ሁሉም ነገር ይገኛል አለ።

6ኛዋ ነርስ ናት። እንደ እሷ የተቆጣ ሰው በዚህ የመልስ ክር ውስጥ ጥቂት ነው፤ ቁጣዋን ግን ወደድኩት። ከሰል ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ደሴ ቤታችን በበሩ ሥርም በጣሪያውም አየር ያስገባ ነበር። እዚህ በብርድ ጊዜ ቤቱ ጥርቅም ብሎ ነው የሚዘጋው። ሰው ራሱን አመመኝ ብሎ ይተኛል፣ አይነሳም። በረንዳውም ቢሆን በአብዛኛው አፓርታማ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው። 5ኛው በ7ኛው መልስ ላይ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንደማያውቅ ተናገረ። ይህችን የሚያነብ ሁሉ ሌላውን ቢረሳ ይህችን አይርሳ።

8ኛው መልስ የአንድ አባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በሱዳን በኩል ነው የመጡት፣ በስደተኛነት። በእሳቸው ጊዜ ዲቪ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዲቪን ያመጣው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከገዳሪፍ ተነስተው ዲሲ ሲገቡ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ 18ኛው መንገድ አካባቢ፣ አምስት ሆነው በአንድ ክፍል ኖሩ። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ምግብ ቤት ዕቃ ማጠብ። ሁለት ሁለት ሆነው በፈረቃ ስለሚተኙ አልጋው አይቀዘቅዝም ነበር። ኋላ ሐበሻው ወደ 9ኛው መንገድና ወደ ዩ ስትሪት ሄደ። ኪራዩ ሲወደድ ደግሞ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጣ።

ጥያቄዬን በቀጥታ የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው። አራቱንም ወቅት አንድ አንድ ጊዜ ሳታዪ ሰውም ቤትም አይለመድም አሉኝ። ሌላም ነገር ጨመሩ። ሀገር ቤት አዲስ ጎረቤት ሲገባ ነባሩ ነው ቡና ጠጡ ብሎ የሚጠራው። እዚህ ግን ነባሩ እንዳይረብሽ ይፈራል። በሩን ቀድሞ የሚያንኳኳው አዲስ የመጣው መሆን አለበት። ከማዶ ያለችው ሴትዮም እንደኔ ከሌላ አገር የመጣች ልትሆን ትችላለች፣ ጩኸቱ አስደንግጧት ይሆናል አሉ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የእሳቸው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ስለ እንጀራ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች። ያኔ ጤፍ ስላልነበረ እንጀራ የሚጋገረው እርሾ ያለበት ተብሎ በሚሸጥ የስንዴ ዱቄት ነበር፣ ያ ጣዕም አሁንም ይናፍቀኛል ብለዋል። ክሩ በዚያች ተስቦ ሄደ። ከ9 እስከ 13 ያለው ሁሉ ስለ ጤፍ ነው። አንዱ ጤፍ ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም ብሎ ተከራከረ። ሌላዋ አረመችው፤ አይዳሆ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይመረታል፣ ሱቅ ካለው የከረጢት ጤፍም የአሜሪካ አለበት። ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን የሚመጣው የተጋገረ እንጀራ ነው፤ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ እ.ኤ.አ. በ2006 ታግዶ ነበር። 11ኛዋ የሰጠችው ምክር ለእኔ ከክርክሩ ሁሉ በላጭ ነው። በክረምት ቡኮው አልቦካ ካለ እሳቱ ሳይለኮስ የምድጃው ውስጥ መብራት ብቻ በርቶ እዚያ ይደር። የመብራቷ ሙቀት ይበቃዋል። ሞከርኩት። ጠዋት ላይ እርሾው ገንፍሎ ነበር።

14ኛው ስለ ሰዓት ነው። የጻፈውን ሰው አንድ ሐበሻ የሚሠራበት ሱቅ ሥራ ሊያስገባው ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ና አለው። እሱ በእኛ ሁለት ሰዓት፣ ማለትም ከጠዋቱ 8 ሰዓት፣ ደረሰ። ሱቁ በር ላይ ቆሞ አራት ሰዓት ጠበቀ። ጥር ወር ነው። እግሩ ሲደነዝዝ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰውየው የጠበቀው ግን ከቀትር በኋላ በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ነበር። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሁለቱም ሐበሾች፣ ሁለቱም አማርኛ ነው የተነጋገሩት፤ አንድ ቃል ነው የለያያቸው። 15ኛው ከዚህ በኋላ በሀበሻ ነው በፈረንጅ ብሎ ሳይጠይቅ ቀጠሮ እንደማይይዝ ጻፈ። ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ የሚዞርበትንም ቀን ተናገረ፣ ግን አሳሳተው። 16ኛው አስተካከለ፤ በፈረንጅ ማርች የሁለተኛው እሁድ ወደፊት ይሄዳል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ወደኋላ ይመለሳል።

17ኛው የእኔ ነው። ስለ ስም ጠየቅኩ። ልጃችንን ላስመዘግብ ስሄድ ጸሐፊዋ ሦስቱን ፓስፖርት ጎን ለጎን አስቀመጠች። የእኔ መጨረሻ ላይ ያለው የአያቴ ስም ነው። የባለቤቴም የራሱ አያት፣ የልጄም የራሱ አያት። ሦስት የመጨረሻ ስም። ጣቷን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዛወረች ደጋግማ አየች። ከዚያ ልጁ የእናንተ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በትሕትና ነው የጠየቀችው። እኔ ግን ልጄን እጁን ጨብጬ መልስ አጣሁ። እናቱ መሆኔን ለሰው አስረድቼ አላውቅም፤ የምን ቃል ልጠቀም?

18ኛው መልስ የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀቶች አስተርጉሜ በቦርሳዬ እንድይዝ መከረ። ጥሩ ነው። ቀጥሎ ግን ነገሩን ለመገላገል የሁላችንም ስም በባለቤቴ እንዲሆን አለ። 19ኛዋ ይህን አልተቀበለችውም። እሷ ከ15 ዓመት በፊት እንዲሁ አድርጋለች። ዲግሪዋ ላይ ያለው የአባቷ ስም ነው፣ መታወቂያዋ ላይ ያለው ሌላ። ሥራ ባመለከተች ቁጥር ያ ዲግሪ የኔ ነው እያለች ወረቀት ታቀርባለች። አባቷ ሲሞቱም ስማቸው የሷ ወረቀት ላይ የትም አልነበረም። መለወጥ የፈለገ አይቸኩል፤ ከ5 ዓመት በኋላ ለዜግነት ሲያመለክት በዚያው ማመልከቻ መጠየቅ ይችላል አለች። እኔ የአባቴንም የአያቴንም ስም አልለቅም። ወረቀቱን እይዛለሁ።

20ኛው ልጅ ያለው ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው። ደሴ ልጄ ከበር ወጥቶ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይውላል፤ የማን ቤት ምሳ እንደበላ የማውቀው ማታ ነው። እዚህም ኮሪደር ላይ እንዲጫወት እተወው ነበር። የጻፈው አባት ልጁን መኪና ውስጥ ትቶ ወተት ሊገዛ ገባ። አምስት ደቂቃ አይሆንም ይላል። ሲወጣ ፖሊስ መኪናው አጠገብ ቆሟል። ሜሪላንድ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቤትም ሆነ መኪና ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ ቢያንስ 13 ዓመት የሆነው ሰው አብሮት መኖር አለበት። 21ኛው ደግሞ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የሆነውን አስታወሰ። የ10 እና የ6 ዓመት ወንድምና እህት ከመናፈሻ ወደ ቤታቸው ብቻቸውን ሲሄዱ ፖሊስ አገኛቸው። ወላጆቹ ላይ ምርመራ ተከፈተ፣ አገር ሙሉ ተወያየበት፣ ኋላም ነጻ ተባሉ። ወላጆቹ አዲስ መጪዎች አልነበሩም። ይህ ነገር የአገሩን ሰዎችም ያከራክራቸዋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ኮሪደሩ ላይ አብሬው እቀመጣለሁ።

22 እና 23 ስለ እቁብና ስለ ክሬዲት ተነጋገሩ። አንዱ በ10 ሰው እቁብ ለመኪና ቅድሚያ ክፍያ እንዳገኘ ተናገረ። ሌላው እቁብ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለቤት አከራይ ምንም እንደማይነግር አስጠነቀቀ። አከራይ የሚያየው ከ300 እስከ 850 የሚሄደውን የክሬዲት ነጥብ ነው። አዲስ መጪ ነጥቡ ዝቅተኛ አይደለም፤ ጭራሽ የለውም። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ አስይዞ ካርድ ማውጣት፣ በሱ ትንሽ ነገር እየገዙ በየወሩ ሙሉውን መክፈል። 24ኛው ባለቤቴ ሥራ እንዳገኘ ጠየቀኝ። አግኝቷል፣ ፓርኪንግ ነው። ደሴ የሒሳብ መምህር ነበር።

25ኛው ክፉ ነው። ምን እንዳለ በሙሉ አልጽፈውም። ምስጋና ቢስ አለኝ። ሰው ቤት ተቀምጦ፣ የሰው መብራት እያበሩ፣ ያስጠጋን ሰው ማማት ነውር ነው አለ። ቡና ካማረኝ ወደመጣሁበት እንድመለስም ጨመረ። 26ኛው ከእሱ ባልተናነሰ ቃል መለሰለት፤ ስለ እናቱም አነሳ። 27ኛው የገጹ አስተዳዳሪ ነው፤ ሁለቱንም ገሠጸ፣ አንዳንድ ቃላትም አጠፋ። በደጉ ጊዜ በአንድ ትሪ የሚበላ ሰው በጽሑፍ ሲገናኝ ለምን እንዲህ እንደሚሆን አላውቅም። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። የከበደኝ ስድቡ አይደለም። መሀሉ ላይ ካለው አንድ ነገር ልሸሽ አልቻልኩም።

28ኛው ላይ ቁጥር 3 ተመለሰ። አሁን ረጋ ብሏል። 25ኛው ስለ እሱ ሆኖ የተናገረ ቢመስልም እንደማይስማማ ገለጸ። ከዚያ የራሱን ነገረን። ሲመጣ የአጎቱ ልጅ ሶፋ ላይ 7 ወር ተኝቷል። በየሌሊቱ በእኛ 11 ሰዓት ላይ መብራት አብርታ ለሥራ ስትዘጋጅ ሆን ብላ የምትቀሰቅሰው ይመስለው ነበር። ቂም ይዞ ወጣ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ እሱ ራሱ በዚያው ሰዓት የሚነሳ ሠራተኛ ሆነ፤ በራሱ ሶፋ ላይ የተኛ የአክስቱን ልጅ እያለፈ በጨለማ ጫማውን ሲፈልግ ነው የገባው። አራት ሰው የተቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። ያንኑ ጥያቄውን መልሶ ጠየቀኝ፣ በዚህ ጊዜ እህቴ ብሎ።

29ኛው የእኔ ነው። ማክሰኞ ዕለት ወተት ላወጣ ማቀዝቀዣው ጋ ስሄድ በማግኔት የተለጠፈውን የሥራ ፕሮግራሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ አነበብኩት። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሌሊት እንደምትሠራ አውቃለሁ። እሁድ ግን ዕረፍቷ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የታተመው ላይ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው ያለው። ቅዳሜ ሌሊት በስክሪብቶ ነው የተጨመረው፣ በእሷ እጅ ጽሑፍ። የመጀመሪያው የተጨመረ ቅዳሜ እኛ በገባን በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አልዘለለም።

ማታ ላይ ጠየቅኳት። እሁድ ከጠዋቱ በፈረንጅ 7 ሰዓት ነው ከሥራ የወጣችው። ቤት ገብታ የተኛችው 8 ሰዓት አልፎ ነው። እኔ ቡናውን የቆላሁት 9 ሰዓት ላይ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ሦስት ወር ሙሉ ቡና ሳታፈዪ፣ በዚያን ዕለት ነው ዓይንሽ በርቶ ያየሁት፣ ምን ብዬ ልናገር አለችኝ። መኪናዋ ውስጥ ያለው የልጄ መቀመጫም ትዝ አለኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ካልደረሰ፣ ያለሱ መኪና ውስጥ አይጫንም። ደላስ ልትቀበለን ስትመጣ መቀመጫው ከነቀበቶው ተገጥሞ ነበር የጠበቀን። ከመኪናው ጋር የመጣ መስሎኝ አልፌዋለሁ። ይህን ሁሉ ጻፍኩ፤ የመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ስለ እሷ ያልኩትንም መልሼ ወሰድኩ።

30ኛው የቁጥር 2 ነው። ደስ እንዳለው ጻፈልኝ። የሱ አጎት ግን ቅዳሜ አይሠራም ነበር፣ ወተቱ ላይ ስም ሲጽፍ ቤት ነበረ አለ። ሁሉንም ተቀባይ በአንድ ሚዛን አንመዝን ማለቱ ነው። እውነቱን ነው። እሱ ላይ የደረሰውን የእኔ ታሪክ አያስተካክለውም።

31ኛው ጀበና በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይሰነጠቃል ወይ ብሎ ጠየቀ። 32ኛዋ በቀጥታ ከተጣደ እንደሚሰነጠቅ፣ የሷ ሁለት እንደተሰነጠቀባት፣ አሁን ከሥሩ ወፍራም የብረት ሳህን አድርጋ በዝግታ እንደምታሞቀው መለሰች። ውኃውንም ሌላ ዕቃ ላይ አፍልታ ነው የምትጨምረው። 33ኛው ደግሞ የኋላው እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀኝ።

34ኛው ይህ ነው። ባለፈው እሁድ ቡናውን የቆላሁት በእኛ 10 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በፈረንጅ 4 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ማራገቢያውን አስቀድሜ ከፈትኩ። መስኮቱንም። ጥቂት በጥቂት ቆላሁት። ማስጠንቀቂያው ዝም አለ። ሽታው ኮሪደሩን ሲሞላው የማዶዋን በር አንኳኳሁ። ከኤል ሳልቫዶር ናት። እንግሊዝኛዋ ከእኔ አይሻልም። ሲኒውን በእጄ አሳየኋት፤ ገባት። ልጇን ይዛ መጣች። የሷ ልጅ 6 ዓመቷ ነው፤ ከልጄ ጋር ወዲያው ጠረጴዛው ሥር ገቡ።

የአክስቴ ልጅ ቶናው ሲቀርብ ከመኝታ ቤቷ ወጣች። ፀጉሯን በሻሽ አስራ ነበር። ወለሉ ላይ፣ ሶፋውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ መጀመሪያ አሸተተችው። ይሄ የደሴ ነው ወይ አለችኝ። ነው አልኳት። ከዚህ በፊት በረካ ድረስ የተቀመጠችው እናቷ የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ያፈሉላት ቀን እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ ሻንጣው ውስጥ ስንት እንደቀረ ጠየቀችኝ። አንድ ኪሎ ገደማ አለ አልኳት።